የጎብዬው ቤተ ሰብና ሁለተኛዪቱ መኪና

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚወርድ መንገደኛ የከተማውን ዳገትና ነፋስ ወደ ኋላው ትቶ ጥቂት እንደ ተጓዘ አየሩ በድንገት ሲለወጥበት ያስተውላል። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ግድም ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን የቆቦ ሜዳ ግን ከ1500 ሜትር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ መንገደኛው አላ ውሃን ሲሻገር ካፖርቱን ያወልቃል፤ ጎብዬ ሲደርስ ደግሞ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተ ምዕራብ የግዳን ደጋ ቆመዋል፤ በመካከላቸው የተዘረጋው ሜዳ፣ ማሽላው ከታጨደ በኋላ፣ የአገዳ ክምር ብቻ የሚታይበት ሰፊ አውድማ ይመስላል። ወንዞቹ በበጋ አሸዋ ናቸው። በክረምት ግን ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ድንገት ይሞላቸዋል፤ ያንኑ ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ወደ እርሻው ማስገባትም የራያ ገበሬ ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው።

ጎብዬ ራስዋ በትልቁ መንገድ ግራና ቀኝ የተሠራች ትንሽ ከተማ ናት። መንገዱ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚዘልቀው ሲሆን፣ ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን ለጦራቸው ጉዳይ የሠሩት ነው። ጦሩ ሔደ፤ መንገዱና የመካኒኮቹ ቋንቋ ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ የራያ መካኒክ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ ሲል የሰው አገር ቋንቋ እንደሚናገር ልብ አይለውም።

እኔ ይህችን መንገድ የሔድኳት በ2017 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል በኋላ፣ መንገዱ ተከፍቷል በተባለበት ሰሞን ነው። የሔድኩበት ጉዳይ ለመጻፍ የሚበቃ መስሎ አልታየኝም ነበር፤ ይኸውም አጎቴ አሮጌ መኪናውን ጥሎ ሌላ ሊገዛ ስለ ነበር አብሬው እንድመርጥ ጠርቶኝ ነው። ነገር ግን በየቤቱ ይህንኑ ጉዳይ የሚያወጣና የሚያወርድ ብዙ ቤተ ሰብ እንዳለ ስለማውቅ፣ ያየሁትን ለአንባቢዎቼ ማካፈል መልካም መስሎ ታየኝ።

አጎቴ በጡረታ ላይ የሚገኝ መምህር ነው። አክስቴ የስኳር ሕመም አለባት፤ ዓይንዋም እየደከመ ስለ ሔደ በየወሩ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ትመላለሳለች። የቀድሞዪቱን መኪና የገዙት ለዚሁ ነበር። የአውቶሞቢሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው ብቻ እንዳልነበረ ኋላ ስለምናገር፣ ስሙን ማንሣት አይገባኝም። ከአምስት ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የተገዛች፣ ቀለምዋ የሚያምር፣ ወንበርዋ የሚመች፣ ለጎብዬ አሸዋ ግን ዝቅ ያለች ነበረች። አጎቴ እንደ መምህርነቱ የተማሪ ስም በሚጠራበት ዓይነት መዝገብ ላይ ወጪዋን ሁሉ ጽፎ ይዟል። ገልጬ አየሁት። ራዲያተር ተበየደ፤ የውሃ ፓምፕ ተለወጠ፤ ራዲያተር እንደ ገና ተበየደ፤ የቴስታታ ጋስኬት ተለወጠ፤ ቴስታታው ወደ ደሴ ተልኮ ተስተካከለ፤ ራዲያተር ተለወጠ። ከአንዱ ገጽ ግርጌ በቀይ ቀለም፣ «ይህች መኪና ከልጆቼ ሁሉ ይልቅ የትምህርት ቤት ክፍያ አስወጣችኝ» የሚል ተጽፏል።

የመጨረሻው ነገር የሆነው በነሐሴ ወር ነው። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል አክስቴ ስኳርዋ ከፍ ብሎ ራስዋን ስትስት፣ አጎቴና ጎረቤቱ ደግፈው አሳፈሯት። አላ ውሃን አልፈው ወደ ወልድያ ዳገቱን እንደ ጀመሩ ከሞተሩ እንፋሎት ወጣ፤ መኪናዪቱም ቆመች። ስልክ አልያዘም። በመንገድ ዳር አንድ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ የቆቦ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መጣና ሹፌሩ ረዳቱን ከላይ ጭነቱ ላይ አውጥቶ እርስዋን በጋቢና አስቀምጦ ወሰዳት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደረሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በዚያች መኪና አልሳፈርም አለች፤ ባጃጅ ይሻለኛል አለች፤ ባጃጅ ደግሞ ያንን ዳገት አያወጣትም።

የአዲሱ መኪና ገንዘብ ከየት እንደ መጣ መናገር አለብኝ፤ የነገሩ ክብደት ያለው እዚያ ላይ ነውና። ሴት ልጃቸው በጅዳ ከሰው ቤት ስትሠራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። የእናትዋን ነገር በሰማች ጊዜ ያጠራቀመችውን ሁሉ ላከች፤ «ለእምዬ የማትቆም መኪና ግዙላት» ብላ በስልክ ድምፅዋን ቀድታ ሰደደች። አጎቴ ያንን ድምፅ ደጋግሞ አሰማኝ። «ይህ ገንዘብ ሰባት ዓመት ነው ልጄ» አለኝ። «ብሳሳት ተመልሼ ምን እላታለሁ? ሌላ ሰባት ዓመት ቆይ ልበላት?»

ምክር አልታጣም ነበር። በአዲስ አበባ የሚኖረው የአክስቴ ወንድም የኤሌክትሪክ መኪና ይሁን አለ። አንዱ የወንድም ልጅ ፒክአፕ ካልሆነ ለራያ አይሆንም አለ። ጎረቤት ደግሞ ገንዘቡን ባንክ አስቀምጡት፣ ሲያስፈልግ ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ አለ፤ ይህም ቢሆን የተናቀ ምክር አልነበረም፤ ሚኒባሱ በሌሊት አይገኝም እንጂ።

የኤሌክትሪኩን ነገር በጥሞና መረመርነው፤ የዘመኑ ጉዳይ ነውና። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጓቸው ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ውሳኔ ቀድማ የወሰነች አገር ኢትዮጵያ ናት። የኤሌክትሪኩ መኪና ፒስቶንም ቴስታታም ካንዴላም የለው፤ የሞተር ዘይት አይለወጥለትም፤ የአጎቴ መዝገብ ግማሹ ባዶ ይሆን ነበር ማለት ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ጎማው ሞተሩን አዙሮ ባትሪውን መልሶ በመጠኑ ይሞላል፤ በነዳጅ የሚሔደው ግን በቁልቁለት ፍሬኑን ያቃጥላል እንጂ ቤንዚን አይመልስም። የአዲስ አበባ ቤተ ሰብ፣ ግቢ ውስጥ ማቆሚያና መሰኪያ ያለው፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ፣ ይህን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ እንዲያውም እኔም በቦታው ብሆን እርሱን እመርጥ ነበር።

ጎብዬ ግን አዲስ አበባ አይደለችም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የቆቦ አካባቢ ለወራት ያለ መብራት ቆይቷል፤ ያንን ያየ ሰው መኪናውን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ብቻ ማሰር ይፈራል። ባትሪ የሚሞላባቸው ጣቢያዎች በአብዛኛው ያሉት በዋናው ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ ብቻ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መካከሉም ጣርማ በርን የመሰለ ከፍታ አለው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ አጎቴን ያሳሰበው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ብትበላሽ ከወልድያ እስከ ቆቦ የሚያውቃት ማነው?» ለዚህ የሚመልስ አልተገኘም።

እኔም ይህን ጥያቄ ከሰማሁ በኋላ ቀድሞ ያልታየኝ ነገር ታየኝ። በአገራችን ረጅም ዕድሜ የኖሩትን መኪናዎች አስቡ። በሐረር ግንብ ዙሪያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆነው የኖሩት ፔዦ 404ዎች፣ በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሆነው ያገለገሉት ላዳዎች፣ ሽማግሌ የሆኑት ቮልሶች፣ እነዚህ ሁሉ በዘመናቸው ከሁሉ የተሻሉ ስለ ነበሩ አይደለም የቆዩት። ላዳን ለምሳሌ ማንም ምቹ ነው አላለውም። የቆዩት በየሰፈሩ አንድ ሰው ሞተራቸውን ፈትቶ መግጠም ስለሚችልና መለዋወጫቸው በመርካቶ ስለሚገኝ ነው። የማትበላሽ መኪና ገና አልተሠራችም፤ በአጠገብ የምትጠገን ግን አለች።

ፒክአፑን የተውነው በሌላ ምክንያት ነው። ዋጋው ከልጅቱ ገንዘብ በላይ ነበር፤ ወንበሩም ለታመመ ሰው ይቆረቁራል። ደግሞም አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በግርግር ዘመን ፒክአፕን የሚመኛት ብዙ ነው» አለ፤ በዚህ ላይ የሚጨምር አልነበረም።

እንግዲህ የቀረው በአገር ውስጥ ያለችውን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ መፈለግ ነው። አዲስ የነዳጅ አውቶሞቢል ስለማይገባ ያሉት እጅ በእጅ ይዞራሉ፤ ዋጋቸውም በዕድሜያቸው መውረድ ሲገባው ይወጣል። ሻጭ በበዛበት ሳይሆን ገዢ በበዛበት ገበያ መምረጥ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። አጎቴ የቀድሞ ተማሪው የነበረውን አንድ መካኒክ ይዞ ተነሣ። ሰውየው ጋራዡ የቆርቆሮ ጥላ ብቻ የሆነ፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ነው።

አያቴ በቆቦ ገበያ በቅሎ ሲገዙ አይቼ ነበር። ጥርስዋን ያዩ፣ ሰኮናዋን በጣታቸው ያንኳኩ፣ ከዚያም ጭነው ዳገት ያወጧት ነበር እንጂ በኮርቻዋ ማማር አይታለሉም። ሻጩ ስለ በቅሎዪቱ ያለፈ ታሪክ ሲጠየቅ ነገር ካዞረ፣ «በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ብለው ይሔዱ ነበር። መካኒኩ ያደረገው ከዚህ አልተለየም።

የመጀመሪያዪቱን በወልድያ አየናት። ደላላው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር። መኪናዪቱ ታጥባ ታበራለች፤ ሞተርዋ ሳይቀር ታጥቧል። መካኒኩ ገና ሳይናገር የእጁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አኖረና ዘወር ብሎ «መምህር፣ እንሒድ» አለ። ደላላው ተቆጣ። መካኒኩም «ሞተሩን ቀድማችሁ አሙቃችሁታል፤ ጧት በብርዱ ስትነሣ የምታሰማውን ድምፅ ደብቃችሁኛል» ብሎ መለሰለት። በመንገድ ላይ ደግሞ ሞተርን ማጠብ የዘይት ልቅሶን ለመደበቅ የሚደረግ መሆኑን ነገረን። አጎቴ በበኩሉ መኪናዪቱን ወድዷት ነበርና እስከ ጎብዬ ድረስ አልተናገረም።

ሁለተኛዪቱ በቆቦ የአንድ ነጋዴ ነበረች። መካኒኩ ባለቤቱን ከመሸ በስልክ ለምኖ፣ ማንም እንዳያስነሣት አስምሎ፣ በማግሥቱ ገና ጸሐይ ሳይወጣ አደረሰን። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ውስጡን በጣቱ ጠርጎ ለአጎቴ አሳየው፤ ጥቁር ዘይት ብቻ ነው። እንደ እርጎ የነጣ ነገር ቢገኝበት ኖሮ ውሃና ዘይት ተደባልቀዋል፣ የቴስታታው ጋስኬት አልቋል ማለት ነበር። ከዚያ ሞተሩ ሲነሣ ከኋላ ቆሞ ጢሱን አየ። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እንደሚቃጠል፣ ሳይቋረጥ የሚወጣ ነጭ ጢስ ውሃ ወደ ሞተሩ እንደሚገባ፣ ጥቁር ደግሞ ቤንዚን እንደሚበዛ ያመለክታል። የዚህችኛዪቱ ጥቂት ነጭ ጤዛ አውጥታ ወዲያው ጠራች።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 140 ሺህ ይላል። መካኒኩ ግን ቆጣሪውን ትቶ የፍሪሲዮኑንና የፍሬኑን መርገጫ ጎማ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ ተመለከተ። መርገጫው እስከ ብረቱ ተበልቷል። «መምህር፣ ይህች ከ200 ሺህ በላይ ሔዳለች» አለ። ባለቤቱ አፈረና እርሱም ሲገዛት እንዲሁ እንደ ነበረች ተናገረ። ከዋጋው ላይ ጥቂት የተቀነሰው በዚህች ንግግር ነው። ጎማዎቹ ላይ የተጻፉትን አራት ቁጥሮችም አነበበልን፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚነግሩ ናቸው። ጥርሳቸው ያልተበላ ቢሆንም ሁለቱ ጎማዎች አርጅተው ተሰንጥቀው ነበርና እነርሱ እንዲለወጡ ተስማማን።

የመጨረሻው ፈተና ዳገቱ ነበር። አምስት ሰው ሞልተን፣ ቀኑ ከሞቀ በኋላ፣ አክስቴ ከቆመችበት ከዚያው ስፍራ ጀምረን እስከ ወልድያ ወጣን። አጎቴ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ የሙቀቱን መርፌ ብቻ ሲያይ ነበር፤ የአላ ውሃን ድልድይ ስናልፍም ቀና አላለም። መርፌዋ ከመካከል አልነቃነቀችም።

ገንዘቡ ግን ያን ቀን አልተከፈለም። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ተመሳከረ፤ ዕዳና እግድ እንደሌለባት ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ተጠየቀ፤ ውሉም በሕግ ፊት ከተረጋገጠ በኋላ ነው ክፍያው የተፈጸመው። አጎቴ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ብሎ የሚቸኩል ሰው አልነበረም፤ ሻጩ ግን ቸኩሎ ነበር፤ ታገሠን።

በዚያ ማታ በአጎቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ ነው መካኒኩ ስለ አሮጌዪቱ መኪና የተናገረው። አጎቴ ሲረግማት ቆይቶ ዝም ባለ ጊዜ፣ ተማሪው አቀርቅሮ «መምህር፣ አንቱን መውቀስ አይገባኝም» ብሎ ጀመረ። «ራዲያተሩን ስፈታው ውስጡ እንደ ጀበና ቂጥ ደድሮ ነበር። የጉድጓድ ውሃ ነው ሲጨምሩባት የኖሩት።» የጉድጓድ ውሃ ጨውና ኖራ የመሰለ ነገር ስላለበት በሞቀ ጊዜ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል። ይህም ብቻ አይደለም። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው አርጅቶ ሲያፈስ ኖሯል። በጎብዬ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክዳኑ አጥብቆ ሲይዝ ግን ግፊቱ ስለሚጨምር ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ይፈላል። ክዳኑ ሲላላ ያ ሁሉ ይቀራል። የክዳኑ ዋጋ ከአንድ ዶሮ ዋጋ አይበልጥም ነበር። በተጨማሪም መርፌዋ ቀይ ላይ ደርሳ ሳለ «ወልድያ ቀርባለች» እየተባለ በመነዳትዋ ቴስታታው ጠመመ።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ብዙ ዝም አለ። ጋራዦቹ ብየዳውን አምስት ጊዜ ሲያስከፍሉት ይህን ለምን አልነገሩትም ብሎ መቆጣት ይችል ነበር፤ እኔም ተቆጥቼ ነበር። እርሱ ግን «እኔም አልጠየቅሁም» አለ። በእኔ አስተያየት ከዚያ ጉዞ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ቃል ነው፤ ምክንያቱም የአሮጌዪቱን መኪና ሕመም ሳያውቅ አዲስ የሚገዛ ሰው ያንኑ ሕመም ወደ አዲሲቱ ይዞ ይገባል። ኮሮላዪቱም ብትሆን የጉድጓድ ውሃ ቢጨመርባት በሁለት ዓመት ውስጥ አላ ውሃ ዳገት ላይ በቆመች ነበር።

ኮሮላዪቱ ጉድለት የላትም አልልም። እርስዋም ለአሸዋው ዝቅ ትላለች። ስለዚህ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከአስፋልቱ ዳር ባለው የዘመድ ግቢ እንድታድር ተስማሙ፤ አክስቴም እስከዚያ በባጃጅ ትደርሳለች። ዕድሜዋ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ነው፤ አንዱ በርዋም ከውስጥ አይከፈትም።

ከአምስት ቀን በኋላ የአክስቴ ቀጠሮ ነበር። ጧት ስንነሣ አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከመኪናዪቱ አጠገብ ቆማ አልገባም እንዳትል ሁላችንም ፈርተን ነበር። በእጅዋ ኮፈኑን ዳበሰችው፤ ዓይንዋ ደክሟልና ቀለሙን ጠየቀችን፤ ነጭ ነው አልናት። «ያቺ ልጅ ነጭ ትወድ ነበር» ብላ ገባች። ወልድያ ደርሰን ተመለስን። በመንገዱ ሁሉ የተነጋገርነው ስለ ማሽላው ዋጋና ስለ አንድ ሠርግ ነበር፤ ስለ መኪናዪቱ ያነሣ የለም።

ማታ አጎቴ አሮጌውን መዝገብ አወጣ። ከቀዩ ጽሕፈት በታች መሥመር አሰመረ፤ አዲስ ገጽ ገልጦም በመጀመሪያው መሥመር ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «የራዲያተር ክዳን፣ አዲስ። የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ 4 ሊትር።» ከጎኑም ቀኑን አኖረና፣ መብራቱ ሳይጠፋ ለልጁ ድምፁን ይልክላት ዘንድ ስልኩን እንዳቀርብለት ጠየቀኝ።